«ትዕዛዝ መጣ» ስትዪኝ

የኔ እናት፣

ትናንት ደውለሽ «እማዬ፣ ትዕዛዝ መጣ፣ ቴክሳስ ልንሄድ ነው» ስትዪኝ ዝም ያልኩት መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። «ትዕዛዝ መጣ» ሲባል ከሰማሁ ከሰላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። አባትሽ ነበር በሩ ላይ ቆሞ፣ መለዮውን ሳያወልቅ እንዲህ የሚለኝ። እኔም ምንም ሳልጠይቅ የቆርቆሮውን ሳጥን ከአልጋ ስር እጎትታለሁ። የኔና ያንቺ ኑሮ እንደማይገናኝ አውቃለሁ። ባልሽ የአሜሪካ ወታደር ነው፣ ዕቃችሁንም ሰዎች መጥተው ያሽጉላችኋል። ተመስገን ነው። ግን ስታለቅሺ የነበረው ለዕቃው አይደለም። «ልጆቹን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እስከ መጨረሻው ቀን ዝም ብልስ?» ነው ያልሽኝ። እሱን በስልክ መመለስ ስላቃተኝ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

አባትሽን ያገባሁት በ1968 ሐረር ላይ ነው። ያኔ የ3ኛ ክፍለ ጦር አስር አለቃ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላን የሶማሊያ ጦር ገባና ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተያዘች። አባትሽ ግንባር ሄደ። እኔ ወንድምሽን የወለድኩት በዚያው ሰሞን ካምፕ ውስጥ ነው። እኛ ሴቶቹ ቀን ቀን በሶ እንፈጫለን፣ ዳቦ ቆሎ እንጋግራለን፣ ድርቆሽ እናደርቃለን።

ተቆራጭ የሚባል ነገር ነበር። ባል ግንባር ሲሆን ከደመወዙ ተቆርጦ ለሚስት የሚከፈል ብር ነው። ወር በገባ ቁጥር ልጆቻችንን አዝለን እንሰለፋለን፣ ከፋዩ ስም እየጠራ ይሰጣል። አንድ ቀን ከፊቴ የቆመችውን ሴት ስም ዘለለና የኔን ጠራ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «አንቺ ቆዪ፣ ቢሮ ትፈለጊያለሽ» አላት። ሌላ ምንም አላላትም። እሷ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ትልቁ ልጇ ቀሚሷን ይዞ «እማዬ ምንድነው? ምንድነው?» ይላታል፣ እሷ ደግሞ «ምንም፣ ምንም» ትለዋለች። ለልጅ ምንም አለመንገርን የተማርኩት ያን ቀን ይመስለኛል። በየካቲት 26 ካራማራ ላይ ድል ሆኖ ጅጅጋ ስትመለስ አባትሽም በሕይወት ተመለሰልኝ። ያ «ምንም፣ ምንም» ማለት ግን ከኔ ጋር ቀረ።

ከዚያ በኋላ ጅጅጋ ሄድን። ከጅጅጋ ጎዴ። አንቺ የተወለድሽው ጎዴ ነው፣ በ1975። ሙቀቱ ቤት ስለማያስተኛ አጎበር ሰቅለን ደጅ እናድር ነበር። ዋቢ ሸበሌ አጠገባችን እየፈሰሰ የምንጠጣው በቦቴ የሚመጣ ውሃ ነው። መጀመሪያ የተናገርሽው ቃል «ቢዮ» ነው፣ በሶማሊኛ ውሃ ማለት። ነገሌ ቦረና ስንዛወር ደግሞ ከጎረቤት ልጆች «ቢሻን» ማለት ለመድሽ። ነገሌ በጥር 1966 ወታደሩ በውሃና በምግብ ጉዳይ አድሞ አለቆቹን ያሰረባት ከተማ ናት፣ አብዮቱ ሲነሳ። እኛ የደረስነው ከአስር ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔም ቢሆን አዲስ የመጣች የወታደር ሚስት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ውሃው በየት ነው?» ብላ ነበር። አስመራ ስንገባ «ማይ» አልሽ። በሶስት አገር ልጅ ቋንቋ ውሃ ለምነሻል፣ ልጄ። እኔ ይሄን ሳይ «ልጅ ቶሎ ይለምዳል፣ ቶሎ ይረሳል» እል ነበር። ለራሴ የነገርኩት ውሸት ነው።

አስመራ የነበረችው ጓደኛሽ ትዝ ትልሽ እንደሆነ አላውቅም። የግድግዳ ጎረቤታችን ልጅ፣ ጸጉሯ ሹሩባ፣ ካንቺ በአንድ ዓመት የምትበልጥ። ቀኑን ሙሉ በራችን ላይ ቅልብልቦሽ ትጫወታላችሁ። አምስት ለስላሳ ጠጠሮች ነበሯት፣ አንድ ቀን አንቺ ጋ አንድ ቀን እሷ ጋ ያድራሉ። በየካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ፣ ጤፍም ዘይትም ከአውሮፕላን በቀር መግቢያ አጣ። ከዚያ አንድ ማታ አባትሽ መጥቶ «ነገ ጠዋት አንቶኖቭ ላይ ቦታ አግኝቼላችኋለሁ» አለኝ። ሌሊቱን ሸከፍኩ። ስኒዎቹን አንድ በአንድ በአባትሽ ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። እናንተን ሳይነጋ ቀስቅሼ «ዘመድ ልንጠይቅ ነው፣ ቶሎ እንመለሳለን» አልኳችሁ። እንዳታለቅሱ ብዬ ነው። እንዳላለቅስም ብዬ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን እጅሽን ከፈትሽ። አምስቱ ጠጠሮች። ያን ቀን ተራው ያንቺ ነበር። ጆሮዬ ላይ ተጠግተሽ «እማዬ፣ ስንመለስ እሰጣታለሁ» አልሽኝ። «እሺ» አልኩሽ።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ትግርኛ የሚባል ካፍሽ አልወጣም። የሰፈሩ ልጆች ይጠሩሻል፣ አንቺ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ ታያቸዋለሽ። «ለምን አትጫወቺም?» ስልሽ «እንሄዳለን አይደል?» አልሽኝ። ሰባት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ አስመራ ቀረ፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 ከተማዋ ስትያዝ በከሰላ በኩል ወጣ። ከወራት በኋላ ከስቶ ሲመጣ ጦሩ ተበትኖ ነበር። እኔም እንጀራ እየጋገርኩ መሸጥ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ታውቂዋለሽ። ችግሩ ስለበዛ ጠጠሮቹን ማን ያስታውሳል? አንቺ ግን አንድ ቀን ሳጥኑ ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጋር፣ በካልሲ ጠቅልለሽ አስቀምጠሻቸው አገኘሁ።

ከአስመራ መውጣታችን ላይ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም፣ አሁንም ቢሆን አወጣችኋለሁ። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ግድግዳውን አንዴ ባንኳኳ ኖሮ ያቺ ልጅ በሌሊት ልብሷ ትወጣ ነበር። አምስት ደቂቃ ነው። ተቃቅፋችሁ ትላቀሱ ነበር፣ ጠጠሯንም ትመልሺላት ነበር።

ስለዚህ እባክሽ ዛሬ ንገሪያቸው፣ የኔ ሆድ። ያልቅሱ። ትልቁ «አልሄድም» ብሎ በር ቢዘጋብሽ አትቆጪው፣ ልክ ነው፣ ይናደድ። ትንሿ አስተማሪዋን ሄዳ ትሳማት። ቤታችሁን ክፍል በክፍል ይሰናበቱት። ባልሽም አብሮሽ ይንገራቸው፣ አንቺ ብቻሽን አትሸከሚው። «ቶሎ እንመለሳለን» ብቻ አትበያቸው።

ከአስራ ሁለቱ ስኒ ሁለት ቀርተውኛል፣ ጠጠሮቹም አሉ። በሚመጣ ሰው እጅ ልኬ ቴክሳስ ስትደርሱ ይደርሱሻል።

ልጆቹን ስትነግሪያቸው ደውዪልኝና ስልኩን ስጫቸው። እናንተ ጋ ማታ ቢሆንም እኔ ጋ ሊነጋ ሲል ነው፣ ለኪዳን ተነስቻለሁ።

እናትሽ