ሽልማቱን ነገራችሁን፣ ሥራውስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለታወጀው የኬሚስትሪ ኖቤል የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ 11 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር እንደሚካፈሉ ነገራችሁን። ከአየር ውሃ የሚያወጣ ነገር መሥራታቸውንም በአንድ መስመር አለፋችሁት። እንዴት? ምን ያህል? የለም።

የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ጋዜጣውን ክፍል ይዤ ብገባ ተማሪዎቼ በጥያቄ አፋጠጡኝ። እስቲ የጎደለውን ልሙላ።

የሠሩት ነገር ኤም.ኦ.ኤፍ (የብረታ ብረት አተሞችና የካርቦን ሞለኪውሎች ማዕቀፍ) ይባላል። የጭቃ ቤት አስቡ፣ ገና ያልተመረገ። ቋሚዎቹ የመዳብ፣ የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም አተሞች ናቸው። ማገሮቹ ካርቦን ያለባቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች። መሃሉ ባዶ ነው፤ ጋዝ ይገባል፣ ይወጣል። ያጊ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረገው ኤም.ኦ.ኤፍ-5 ሁለት ሦስት ግራሙ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል የውስጥ ገጽ አለው።

እኔን የማረከኝ ግን ሮብሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ የሞለኪውል ማሳያ ሊሠራ ፈልጎ የእንጨት ኳሶች አስበሳ። በትሮቹን ሲሰካ ቅርጹን የሚወስኑት ቀዳዳዎቹ ራሳቸው መሆናቸውን አየ። አተሞችም እንዲህ ቢገጣጠሙስ? ሐሳቡን ከአሥር ዓመት በላይ ይዞት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ውጤቱን አሳተመ። መነሻው የማስተማሪያ መሣሪያ ነበር ማለት ነው! (የእኛ ኳስ ድንች ነው፣ በትሩ ስቴኪኒ። የሚቴን ሞለኪውል ማሳያችን በሦስተኛው ቀን ይጨማደዳል።)

ወደ ውሃው ልመለስ። ያጊ ያደገው አማን፣ ዮርዳኖስ ነው። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያንኮራፋ ባልዲ ይዞ የሚነሳ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ማብራሪያ አያስፈልገውም። የያጊ ቡድን በአሪዞና በረሃ የሞከረው የኤም.ኦ.ኤፍ ዱቄት ሌሊት የአየሩን እርጥበት ይመጥጣል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ይለቀዋል።

«ቲቸር፣ ጀሪካኑን እንጣለው?» አለኝ አንዱ። ሰሌዳው ላይ አሰላነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የሞሃቪ በረሃ ሙከራ ማራገቢያ የተገጠመለት፣ በቀን ብዙ ዙር የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ኤም.ኦ.ኤፍ-303 የሚባለው ዱቄት በኪሎ በቀን 0.7 ሊትር ያህል ሰጠ። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን በቀን አንዴ ለመሙላት ወደ 29 ኪሎ ዱቄት ይፈልጋል። «ለመጠጥ ይሁን፣ ለልብስ አጠባ ግን አይበቃም» አለች ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ።

እንዲህ ያለ ስሌት ሦስት መስመር አይፈጅም። ከክሮነሩ አጠገብ ቦታ ስጡት።

የፊዚክሱ ኖቤል ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ ነበር የታወጀው። እሱን ጋዜጣችሁ ላይ ጭራሽ አላየሁትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ አዲስ አበባ