ሄክታር መቁጠር ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰሞኑን የዓለም የእርሻ መሬት እየጠበበ ነው ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ስንት ሄክታር ከእርሻ እንደወጣ ትነግሩናላችሁ፤ ወጥቶ ምን እንደሆነ ግን የትም ቦታ የለም።

መጀመሪያ ነገር፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የእርሻ መሬት ብሎ ከሚመዘግበው 4.8 ቢሊዮን ሄክታር ገደማ ሁለት ሦስተኛው ግጦሽ ነው። ከ2000 ወዲህ ጠቅላላው በትንሹ ሲቀንስ፣ ሰብል የሚዘራበት መሬት ጨምሯል። የቀነሰው ግጦሹ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዕሳችሁን ያየ ሰው ይህን በምን ያውቃል?

ደግሞም ከእርሻ የወጣ መሬት ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ በሚባል የምርምር ጣቢያ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ የሚዘራበት ማሳ አለ። በ1882 ከማሳው ጥግ የደረሰውን ስንዴ ሳያጭዱ ተዉት። ስንዴው ያለ ገበሬ ምን ያህል ይዘልቃል የሚለውን ለማየት ነው። ብዙም አልዘለቀ። በጥቂት ዓመታት አረም ዋጠው፣ እንዳሻው ይደግ የተባለው ክፍልም ዛሬ ደን ነው። ደን መንጥሮ መልሶ ማረስ ያለፋል እንጂ ይቻላል። አስፋልት የለበሰውን ማሳ ግን ማን መልሶ ያርሰዋል? ብዙ ከተሞች የተቆረቆሩት ወንዝና ለም ሜዳ አጠገብ ነው፤ ሲሰፉ የሚውጡትም ምርጡን አፈር ነው። ያንን አንድ ሄክታር ተዳፋት ላይ በተመነጠረ አንድ ሄክታር አጣፍቶ «እኩል ነው» ማለት ለወረቀት ካልሆነ አይሠራም።

የጨመረ ሄክታርም ያታልላል። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ክሩሽቼቭ በ1954 ያስጀመሩት ዘመቻ ካዛክስታንና ሳይቤሪያ ውስጥ ሰፊ የሣር ሜዳ አሳርሷል። ቁጥሩ ያኔ ያስፈነድቅ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነፋሱ አፈሩን ጠርጎ ይወስደው ጀመር። አሜሪካኖቹም በ1930ዎቹ በአቧራ ማዕበል ያንኑ አይተውታል።

በሄክታር ጨርሶ የማይታይ ለውጥም አለ፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ፈረስና በቅሎ ነበር። ከሚታረሰው መሬት ሩብ ያህሉ የሚያመርተው የእነሱን ቀለብ ነበር። ትራክተር ሲመጣ ያ ሁሉ ማሳ ለሌላ ሰብል ተለቀቀ። መዝገቡ ላይ አንድም ሄክታር አልተጨመረ! ማዳበሪያውም እንዲሁ ነው። ከ1913 ጀምሮ የአየሩ ናይትሮጅን በፋብሪካ ማዳበሪያ መሆን ሲጀምር፣ ውሎ አድሮ ብዙ ቦታ መሬት ጦም የሚያድርበት ምክንያት ቀነሰ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እባካችሁ ሦስት ነገር ጨምሩልን። የቀነሰው የሰብል መሬት ነው ወይስ ግጦሽ? ደን በላው ወይስ ሕንፃ? አፈሩስ አለ ወይ? ሰንጠረዣችሁ ላይ ሦስት ዓምድ ብቻ ነው። ቦታ ከጠበባችሁ የእኔን ደብዳቤ አሳጥሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ