አባዬ፣ ፍሩንዜን አየኋት

ይድረስ ለውድ አባቴ፦

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከኪርጊዝስታን ዋና ከተማ ከቢሽኬክ፣ ከአንተዋ ፍሩንዜ፣ ተመልሼ ዱባይ ሥራ ጀምሬያለሁ። "እንዴት ነበር?" ስትለኝ "በጣም ደስ ይላል" ብዬ ያሳጠርኩት በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። አንተም ብትሆን ስልክ ላይ "ካርድሽን አትጨርሺ" ብለህ ቶሎ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና ተረጋግተህ አንብበው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። አብረን እንድንሄድ እፈልጋለሁ። በግንቦት ወይም በመስከረም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ "አይሆንም" እንዳትለኝ።

ልጆች ሆነን፣ በሶቪየት ዘመን ወታደር ሆነህ ስለተማርክባት ስለ ፍሩንዜ ስትነግረን ሁልጊዜ የምትጀምረው ከውሃው ነበር። በየመንገዱ ዳር ቦይ አለ፣ ውሃው ከበረዶው ተራራ ይወርዳል፣ በበጋ ሙቀት እጅህን ብትነክርበት ያደነዝዝሃል ትለን ነበር። አባዬ፣ ውሃው አሁንም አለ። አሪክ ብለህ እንደምትጠራው ዛሬም አሪክ ይሉታል። በሄድኩበት ሁሉ ከእግረኛው መንገድና ከአስፋልቱ መካከል ይወርዳል። በእርግጥ ደርቆ ቆሻሻ የሞላበት ሰፈርም አይቻለሁ። ውሃ ባለበት በኩል ግን ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው መንገዱን ሸፍነውታል። ቀትር ላይ እንኳን በጥላ ሄደህ በጥላ ትመለሳለህ።

ያንን ሁሉ ዛፍ ያቆመው ቦዩ ነው። ከተማዋ ያለችበት የቹይ ሸለቆ በበጋ ደረቅ ነው፣ ዝናብ እምብዛም የለውም። ከአላ አርቻና ከአላሜዲን ወንዞች የሚመጣው ውሃ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ባሉጥና ፖፕላር አይኖርም ነበር። ፌቲሶቭ ስለሚባለው የአትክልት ባለሙያ ነግረኸን ታውቃለህ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከተማዋ ገና ፒሽፔክ እየተባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ሳለች፣ ዛፍ ያስተከለው እሱ ነው ይላሉ። አንተ እሁድ እሁድ የምትንሸራሸርበት ጎዳናም የእሱ ሥራ ነው። በአንተ ጊዜ ስሙ ድዘርዥንስኪ ነበር። አሁን ኤርኪንዲክ ይባላል።

ኤርኪንዲክ ላይ ብዙ ቆየሁ። ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። መኪናው በግራና በቀኝ ይሄዳል፣ መሀሉ ግን ሙሉ በሙሉ የእግረኛ ነው። አግዳሚ ወንበር በሽ ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ። የልጅ ልጅ ይዘው የመጡም አሉ። ማንም "ተነሱ" አይላቸውም፣ ማንም እንዲገዙ አያስገድዳቸውም። እዚያ ተቀምጬ ሳያቸው ያሰብኩት አንተን ነው። ዱባይ መጥተህ የቆየህ ጊዜ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ መኪና ስትቆጥር ነበር የምትውለው። ውጭው ይፋጃል፣ ቤቱ በኤሲ ይቀዘቅዛል፣ የሚያናግርህ ሰው የለም። እኔ ከሥራ ስመጣ "ደህና ዋልኩ" ትለኝ ነበር፤ ደህና እንዳልዋልክ ግን ፊትህ ላይ አያለሁ። ቢሽኬክ እንደዚያ አይሆንብህም።

ከፍታው ደግሞ ለልብህ አያሰጋም። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 800 ሜትር አካባቢ ናት። ደብረ ዘይት 1,900 ሜትር ላይ ነው የምትኖረው፣ ስለዚህ ትንፋሽ አያጥርህም።

አሁን ደግሞ ስለ ገንዘብ፣ አንተን የሚያሳስብህ እሱ ስለሆነ። ሩብል ድሮ ቀረ። ከ1993 ጀምሮ ሶም የሚባል የራሳቸው ገንዘብ አላቸው። አንድ ዶላር ሰማንያ ምናምን ሶም ነው። አንድ ትልቅ ሳህን ላግማን፣ ፓስታ የሚመስል ምግብ ነው፣ ከሥጋና ከአትክልቱ ጋር ከ300 ሶም ብዙም አይበልጥም፤ ሦስት ዶላር ተኩል በለው። አውቶቡስ በሳንቲም ነው የሚሄደው። ታክሲ በስልክ ትጠራለህ፣ ከተማ ውስጥ ለመሄድ ሁለት ዶላር ገደማ ይበቃል። ዱባይ ለአንድ ምሳ በምከፍለው እዚያ ሁለታችን ቀኑን ሙሉ እንበላለን። ስለዚህ "ወጪ አላበዛብሽም" የምትለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ከዱባይ በአውሮፕላን አራት ሰዓት አካባቢ ነው። መጀመሪያ እኔ ጋ ትመጣለህ፣ አርፈህ ከዚያ አብረን እንበራለን።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ቋንቋው ልንገርህ። ሩሲያኛ ዛሬም በሕግ የታወቀ ቋንቋ ነው። ገበያ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ፋርማሲ ውስጥ፣ ሁሉም ይናገረዋል። እኔ ስልኬን እያሳየሁ፣ በጣቴ እየጠቆምኩ ነው የሰነበትኩት። አንዲት እናት ኦሽ ባዛር ላይ የደረቀ አፕሪኮት እያስቀመሱኝ ረጅም ነገር አወሩኝ። ሳቁ፣ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረጉኝ፣ እኔ አንዲት ቃል አልገባኝም። አንተ ብትኖር ኖሮ ተቀምጠህ ታወራቸው ነበር። የትኛው ሰፈር እንደነበርክ፣ ምን እንደተማርክ ትነግራቸው ነበር። ጎረምሳ ሆነህ የለመድከው ቋንቋ ደብረ ዘይት ከጓደኞችህ ጋር ለቀልድ ብቻ ሲቀር ያሳዝነኛል። እነሱም እያነሱ ነው፣ ታውቃለህ። እዚያ ግን አስተርጓሚዬ ትሆናለህ። እኔ ከኋላህ እከተላለሁ።

ለሽማግሌ ያላቸው ክብርም ደስ ይላል። አውቶቡስ ውስጥ አንድ አዛውንት ሲገቡ ወጣቶቹ ሳይጠየቁ ብድግ ይላሉ። ሻይ ሲቀዱልህ ሲኒውን ጢም አድርገው አይሞሉትም፣ ደጋግመው እንዲቀዱልህ። ብዙ አባቶች ነጭ የሱፍ ባርኔጣቸውን፣ ካልፓክ የሚሉትን፣ አድርገው ነው የሚወጡት። አንድ ገዝቼልሃለሁ፣ በሰው እልክልሃለሁ።

የተለወጠውን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርህ። ከ1991 ጀምሮ ስሟ ቢሽኬክ ሆኗል። ፍሩንዜ የሚለው ስም ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የቀይ ጦር አዛዡ ሚካኤል ፍሩንዜ ተወለደባት የሚባለው ጎጆ አሁንም በመታሰቢያ ሙዚየሙ ውስጥ አለ። የሶቬትስካያ መንገድ አሁን አብድራህማኖቭ ነው። በ1984 የተሠራው ትልቁ አደባባይ አላ ቱ ይባላል። ሌኒን ከፊቱ ተነስቷል፣ ግን አልተጣለም፤ በ2003 አደባባዩ ላይ ካለው የታሪክ ሙዚየም ጀርባ ወሰዱት። በቦታው አሁን የቆመው የእነሱ ጀግና ማናስ ነው፣ ፈረስ ላይ። ትሮሊባሱ የለም አባዬ። በዚያ እየተሳፈርክ ሰፈሩን ሁሉ እንደምትዞር ደጋግመህ ነግረኸኝ ስለነበር ፈልጌው ነበር። ከ1951 ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ በ2024 ሽቦው ወረደ፣ በአውቶቡስ ተተካ። ይህ ያስከፋሃል፣ እኔንም አስከፍቶኛል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካንት ያለው የአየር ማረፊያም ከ2003 ጀምሮ የሩሲያ ጦር ሰፈር ስለሆነ ገብተን ማየት አንችልም። አንተ በ1970ዎቹ የሚግ ሞተር የፈታህበትን ሃንጋር ባሳይህ ምንኛ ደስ ባለኝ! ቢሆንም ከሩቅ ሜዳውንና ከጀርባው ያለውን ተራራ ማየት ይቻላል።

ተራራው አልተለወጠም። የትም ቆመህ ወደ ደቡብ ካየህ የአላ ቱ ተራራ ፊትህ ነው፣ በግንቦትም ጫፉ ነጭ ነው። ከተማዋ ወደ ሰሜን ስለምታዘቀዝቅ የቦዩን ውሃ ወደመጣበት ተከትለህ ከሄድክ ወደ ተራራው ነው የምትሄደው። ከአርባ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አላ አርቻ ብሔራዊ ፓርክ አለ። የተከለለው በ1976 ነው። መኪናው ወንዙን ይዞ ይወጣል። እግርህ ከቻለ ትንሽ ትሄዳለህ፣ ካልቻለ ወንዙ ዳር ትቀመጣለህ። ያ ቦታ ከደብረ ዘይት ትንሽ ከፍ ስለሚል አያስፈራም። ዳገቱን የሸፈነው ጥድ ነው፣ የእኛው ጥድ ዘመድ። ሽታውን እንዳሸተትኩ እንጦጦ የወጣሁ መሰለኝ።

ጾሙን አስቤበታለሁ። ሥጋ የሚበዛበት አገር ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ግን መላ አለው። ገበያ ውስጥ የኮሪያ ሰላጣ የሚሸጡ አሉ፤ በ1937 ስታሊን ከሩቅ ምሥራቅ ወደ መካከለኛው እስያ ያፈናቀላቸው ኮሪያውያን ያስለመዱት ነው። ካሮቱ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ፣ ቃሪያ ያለው፣ አፍህን ያነቃዋል። ያንን ከታንዱር ምድጃ በወጣ ትኩስ ሌፒዮሽካ ዳቦ ትበላለህ። ዋልነት፣ ዘቢብ፣ አፕሪኮት እንደልብ ነው። ማክሲም የሚሉት ከእህል የሚዘጋጅ መጠጥ በየመንገዱ ይሸጣል፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ቦርዴን አስታወሰኝ፤ ስብ ሊገባበት ስለሚችል ግን በጾም ቀን ጠይቀን ነው። የትንሣኤ ካቴድራልም አለ። ሥርዓታቸው ከእኛ ቢለይም ሻማ አብርተህ ትጸልያለህ። ያኔ በወታደር ልብስ ሆነህ ልትገባበት አትችልም ነበር፣ አሁን ማንም አይከለክልህም።

በክረምት ግን አትሄድም። ይህን ብትለምነኝም አልሰማህም። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰዉ ቤቱን የሚያሞቀው በድንጋይ ከሰል ስለሆነ ጭሱ ከተማዋ ላይ ተኝቶ ይቀራል። በዚያን ሰሞን አየሯ በዓለም ላይ ከተበከሉት ከተሞች ጋር ነው የሚመደበው። ለሳልህ አይሆንም። የእግረኛ መንገዱም በየቦታው የተሰነጠቀ ነው። ምሽት ላይ መብራቱ ደካማ ነው፣ ቦዩም ክዳን የለውም። ስለዚህ ከመሸ በኋላ በታክሲ ብቻ ነው የምንንቀሳቀሰው፤ ቀን ደግሞ ክንዴን ይዘህ።

ዛፎቹም እየቀነሱ ነው። ለመንገድ ማስፋፊያና ለአዳዲስ ፎቆች ሲባል ይቆረጣሉ። በ2017 ብዙ ዛፍ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ ነዋሪዎቹ ወጥተው ተቃውመው ነበር። እልህ ያዘኝ። እነዚያን ዛፎች ለማሳደግ መቶ ዓመት ሙሉ ውሃ እየመሩ ሲያጠጡ ኖረው በመጋዝ በግማሽ ቀን መጣል ምን ይባላል? አንተ የምታውቀው ጥላ ገና ሳያልቅ ነው እንድትመጣ የምፈልገው።

እንግዲህ ይኸው ነው። ፓስፖርትህን ከቁምሳጥኑ አውጥተህ መቼ እንደሚያበቃ እይልኝ። ስድስት ወር ካልቀረው ማሳደስ አለብን። ቪዛውን፣ ቲኬቱን፣ ማረፊያውን ለእኔ ተወው። ሐኪሙን ደግሞ ስለ ጉልበትህ ጠይቀው፣ ያ የታዘዘልህን ቅባትም አታቋርጥ። እና አንድ ነገር ጻፍልኝ፤ ማደሪያችሁ የነበረው በየትኛው መንገድ ላይ ነው? የድሮውን ስም ብትነግረኝ አዲሱን እኔ ፈልጌ አገኘዋለሁ። ከፊቱ ምን እንደነበረም ጨምርልኝ።

ለእትዬና ለጎረቤቶች ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እደውላለሁ።

የምትወድህ ልጅህ
ዱባይ