ጉዳዩ፦ 3 ሚሊ ተብሎ በ1.5 ሚሊ ብረት ስለቆመብኝ ፐርጎላ (የበረንዳ ጥላ)

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ
መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ስደውል አንዴ "ስብሰባ ላይ ናቸው" አንዴ "ሳይት ወጥተዋል" እየተባልኩ ስለሆነ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳሠራሁ፣ ስንት እንደከፈልኩ ፋይላችሁ ላይ ስላለ አልደግመውም። እኔ የምጽፈው ኢንጂነር የምትሉት ልጅ ቅዳሜ ዕለት በስልክ ስላለኝ ነገር ነው፣ እሱ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና በማፈላበት በረንዳዬ ንፋሱ ተነሳ። የመጋቢት ንፋስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፣ ግን የፐርጎላው ጣሪያ ከሥሩ እየተነፋ ሲነሳና ሲቀመጥ እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር፣ ደንበኞቼ የጾም በያይነቱ ፊታቸው ቀርቦ ሁሉም ቀና ብለው ያያሉ። ከዛ በመንገዱ በኩል ያለው ቋሚ ጧ ብሎ ተነሳ። ሰው አልተጎዳም ተመስገን፣ አንድ ጀበናና አራት ሲኒ ነው የሄደው። ሰዉን ወደ ውስጥ አስገብቼ እጄ እየተንቀጠቀጠ ለልጁ ደወልኩ።

"ወንድሜ ቋሚው ተነቅሏል" አልኩት። "የቱ?" አለኝ። "በመንገድ በኩል ያለው።" "ምን ያህል?" "ከሥሩ ጣቴ ይገባል።" ዝም አለ ትንሽ። ከዛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "እማማ፣ እሱ እኮ ንፋስ ነው፣ እኛ ንፋስን ምን እናድርገው? ንፋስ የሚፈራ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና አያፈላም።" ሳቀም። ከጀርባው ሌላ ሰው አብሮት ሲስቅ ሰምቻለሁ። "ሰኞ እናየዋለን" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሰኞ ትናንት ነበር፣ ማንም አልመጣም።

እማማ ያለኝን ልተወው፣ 46 ዓመቴ ነው ግን ይሁን። ንፋስ የሚፈራ ያለኝን ግን አልተውም፣ ምክንያቱም እናንተ ጋ የመጣሁት ለንፋሱ ብዬ ነው! ጥር ላይ ሱቃችሁ ስመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የተናገርኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ካዛንቺስ ፊት ለፊታችን የነበረው ሰፈር ለኮሪደር ከፈረሰ ወዲህ በረንዳዬን ከንፋስ የሚጋርድልኝ የለም፣ ስለዚህ ውበቱ ቀርቶብኝ የሚችል ነገር ሥሩልኝ አልኩ። እንደውም የኔ ሐሳብ እንጨት ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባህር ዛፍ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፣ የደረቀ ባህር ዛፍ ምን እንደሚሸከም አውቃለሁ፣ እርጥቡን ካቆሙት ደግሞ ሲደርቅ እንደሚጠማዘዝና እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ልጁ ሳቀብኝ (ያኔም ሳቀ፣ አሁን ነው የገባኝ)፣ "እንጨት የድሮ ነው" ብሎ የካላንደር ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሣለልኝ፣ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ 80 በ80፣ ግድግዳው 3 ሚሊ፣ ከሥሩ ፕሌት፣ ለአንድ ፕሌት አራት 12 ቁጥር ብሎን። "ሄሊኮፕተር ቢያርፍበት አይነቃነቅም" አለኝ። ውሉ ላይም "3 ሚሜ" ተብሎ ተጽፏል፣ ማህተማችሁ አለበት።

የእህቴ ልጅ አምስት ኪሎ ሲቪል ይማራል። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ መጣና እናንተ ትታችሁት የሄዳችሁትን ቁራጭ ለካው። 1.5። ሌላ ቦታ ለካው፣ 1.5። በውጭ ሲያዩት ያው 80 በ80 ነው፣ ቀለም ከተቀባ ማን ያውቃል! የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አሰላልኝ፣ ባለ 3 ሚሊው 6 ሜትር ዘንግ 43 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 1.5ቱ 22። አንዱን ዘንግ ለሁለት ቆርጣችሁ ነው ቋሚ ያደረጋችሁት። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፣ ሥራው ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ ቀጭኑ ሠራተኛችሁ ሁለት ሁለት ቋሚ ትከሻው ላይ አድርጎ አራት ፎቅ እያፏጨ ሲወጣ "አቤት ጉልበት" ብዬ ውሃ ሰጥቼዋለሁ። ለካ ጉልበት አይደለም።

ጥንካሬው ግማሽ አካባቢ ሆነ ማለት ነው፣ የከፈልኩት ግን ሙሉውን ነው። ንፋስ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ስለዚህ "ትንሽ ቀጠን ቢል ምን አለበት" ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ።

ይሄ ሁሉ ግን ከብሎኑ አይብስም። የተነቀለውን ፕሌት ገልብጠን ስናይ አራት 12 ቁጥር የተባለው ሁለት ባለ 8 የፕላስቲክ ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቪቴ የሚይዝ ፕላስቲክ) ሆኖ አገኘነው። ፊሸሩም ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) ጋ አልደረሰም፣ ከላዩ ያለው የሲሚንቶ ሊሾ ላይ ነው የቀረው! አራት አምስት ሳንቲም ሊሾ ይዞ ነው 24 ካሬ ጣሪያ ይቆማል የተባለው። ስለዚህ ንፋሱ ሲያነሳው ቋሚው የሊሾ ቁራጭ እንደያዘ ነው የወጣው፣ ልክ እንደ ጥርስ። ፎቶ አለኝ፣ በቴሌግራም ልኬላችኋለሁ፣ አይታችሁታል፣ ሁለት ራይት አለው።

ጣሪያውስ? እኔ ክፍት ርብራብ ይሁን ብዬ ነበር፣ ንፋሱ በመሃል እንዲያልፍ፣ ክረምት ሲገባ ሸራ እወጥርበታለሁ ብዬ። "ፖሊካርቦኔት ይሻላል፣ ዝናብም አይገባ" ብላችሁ በዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሉህ ሙሉ በሙሉ ዘጋችሁት። እሺ ብያለሁ፣ እሱ የኔም ጥፋት አለበት። ግን ከተዘጋ የሚነሳበትን ጉልበት የሚይዝ ነገር ማሰር የማን ሥራ ነው? ጎማ ዋሸር የለው፣ ቪቴውን ዝም ብሎ ሰርስሮ ማስገባት፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚለጠጥበት ቦታ እንኳን የለውም፣ አሁን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ መሰንጠቅ ጀምሯል። ጽሑፍ ያለው ላስቲክ ያለበት ፊት ወደ ፀሐይ መዞር ነበረበት፣ ሁለቱን ሉህ ገልብጣችሁ ነው የገጠማችሁት። ሠራተኛው ላስቲኩን ሲልጥ ከሥር ቆሜ አይቻለሁ።

አንዴ ከጀመርኩ ልጨርሰው። ለጥምቀት ይደርሳል ብላችሁ የደረሰው የካቲት አጋማሽ ነው። ብየዳው ላይ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ሳይቀባ ቀለም ተደርጎበት አሁኑኑ ቡናማ እንባ እያነባ ነው። መሰላላችሁ ሁለት ሴራሚክ ሰብሯል። ለከፈልኩት 240,000 ብር እስካሁን ደረሰኝ አልተሰጠኝም፣ "ሲያልቅ በአንድ ላይ" ተባልኩ፣ ምኑ ሲያልቅ?

የምፈልገው እንዲህ ነው። ስድስቱም ቋሚዎች በ3 ሚሊ ይቀየሩ፣ ሲመጡ እኔ ፊት በካሊፐር ይለኩ። ብሎኖቹ ሊሾውን አልፈው ሶሌታው ውስጥ ይግቡ። ጣሪያው ተነስቶ ርብራብ ይደረግ፣ በናንተ ወጪ። ሐሙስ ድረስ ሰው ካልመጣ ግን ጥገናውንም አልፈልግም፣ ነቅላችሁ ውሰዱና 240,000 ብሬን መልሱ፣ ቀሪውን 100,000 ደግሞ እርሱት። ከዛ በኋላ ውሉን፣ ካሊፐሩን፣ ፎቶውንና የስልክ ሪከርዱን (አዎ፣ ስልኬ ራሱ ይቀዳል) ይዤ ንግድ ቢሮ ነው የምሄደው፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የወጣው ለጌጥ አይደለም።

እስከዛው ያደረግኩትን ልንገርዎት። በየቋሚው ሥር ሁለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ በገመድ አስሬያለሁ፣ 12 ጀሪካን ማለት ነው። ደንበኞቼ "ውሃ ጠፋ እንዴ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ማታ ማታ ንፋሱ ሲያፏጭ ከቤቴ ተነስቼ ዘበኛውን እየደወልኩ "ቆሟል?" እላለሁ፣ "ቆሟል እትዬ፣ ይተኙ" ይለኛል።

ሐሙስ የሚመጣውን ሰው ቀድማችሁ አሳውቁኝ። ያ ልጅ ራሱ ቢመጣም ችግር የለብኝም፣ ንፋስ የማይፈራ ስለሆነ ከተነቀለው ቋሚ ሥር ወንበር አዘጋጅቼለታለሁ። ሲመጣ ደግሞ ሠራተኞቻችሁ ይዘውት የሄዱትን ባለ 10 ሜትር ቀይ ኮርዴን ይዞልኝ ይምጣ።

ከሰላምታ ጋር
የአራተኛ ፎቅ በረንዳዋ