የደቂቃ ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

በኢንተርኔት ስልክ ገበያ ዋጋ መስበር ደንበኛ ያመጣል፤ ትርፍ ማምጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ደቂቃ የምትገዙበት አቅራቢ ድርጅት ጥሪውን እንዴት እንደሚቆጥር እዩ። ደቂቃውን በ10 ገዝታችሁ በ15 ስትሸጡ ጥሩ ትርፍ ይመስላል። አቅራቢው በሙሉ ደቂቃ እያስከፈለ እናንተ በሴኮንድ የምታስከፍሉ ከሆነ ግን የ61 ሴኮንድ ጥሪ 20 ያስወጣችኋል፤ የምትሰበስቡት 15.25 ብቻ ነው። አጫጭር ጥሪ የሚያበዛ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ገቢው ያደገ እየመሰለ ኪሳራው ይከመራል። የመሸጫ ዋጋችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ያለፈውን ወር የጥሪ መዝገብ በአቅራቢው አቆጣጠር እንደገና አስሉት።

«ያልተገደበ» የሚባለው ጥቅል የባሰ ነው። ርካሽ ሲሆን ቀድሞ የሚመዘገበው ቀኑን ሙሉ በአውቶማቲክ መደወያ የሚሠራ የጥሪ ማዕከል ነው። ውሉ ላይ የደቂቃ ጣሪያ አስፍሩ፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈቱ መስመሮችንም ወስኑ።

ህዳጉ፣ ማለትም በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሲጠብ ደግሞ ጥሪ የሚያስተላልፍ ርካሽ መስመር ፍለጋ ይጀመራል። አንዳንዱ ርካሽ መስመር ስልኩ ሳይነሳ ሂሳብ መቁጠር ይጀምራል። የተነሱ ጥሪዎች መቶኛ በድንገት ጨምሮ አማካይ ቆይታቸው ካጠረ ጠርጥሩ።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ማጭበርበር ነው። የአንድ ደንበኛ የቢሮ ስልክ ማዞሪያ ቅዳሜ ሌሊት በሰርጎ ገቦች ተሰብሮ ወደ ውድ ዓለም አቀፍ ቁጥሮች ከተደወለበት፣ ደንበኛው ባይከፍል እንኳ አቅራቢው እናንተን ይጠይቃል። ቀጭን ህዳግ ይህን አይሸከምም። ውድ መዳረሻዎችን ከመነሻው ዝጉ፣ ደንበኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ ብቻ ክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ አካውንትም ሲሞላ ራሱ የሚቆልፍ የቀን ወጪ ጣሪያ አድርጉ።