ከበርጩማው ሥር ያለው ሥዕል

ጅማ፣ ሐሙስ ማታ

ወንድም ዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼብህ ዛሬ እንደ ትናንት ሰው «እንደምን ሰነበትክ» ማለት ለራሴም ይከብደኛል። ይቅርታ አድርግልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልህ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን ፊቴን ሳታይም ውሸቴን ትለያለህ። እውነቱን ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ፣ አሁን ድፍረቱ የለኝም። እናትህ ደህና መሆናቸውን በሰው በሰው እሰማለሁ፣ ተመስገን። ይህ የእርቅ ደብዳቤ ነው።

ያስጻፈኝ የልጄ የሚጣዬ ነገር ነው። ስትሄድ ከእግራችን ሥር የማትጠፋው ልጅ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞላት። ከሰል ካገኘች ሌላ ዓለም አልነበራትም። በደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ በዋንዛ ቁራጭ ላይ፣ በአሮጌ ካርቶን ላይ፣ ብቻ ያገኘችው ሁሉ ላይ ትሥላለች። ሰጋቱራው ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ አድርጋ ስትሥል ስሟን ብትጠራት አትሰማህም። እኔ አጠገቧ መሮዬን ይዤ እጠርባለሁ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ይመሻል። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላየሁም።

ታዲያ ምን አደረግሁ መሰለህ? ኮራሁባትና ኩራቴ ልክ አጣ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ሥለሽ አሳዪያቸው» ማለት ጀመርኩ፤ ለአንድ ሥዕል አሥር ብር። ፎቶ እያነሳሁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፍኩ፣ ማታ ማታም አብረን ቁጭ ብለን ስንት ሰው እንደወደደው እንቆጥራለን። መጀመሪያ ደስ አላት። ቀስ በቀስ ግን ሥዕሎቿ ሁሉ አንድ ሆኑ። ብዙ ሰው የወደደላት ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ነበርና እሱኑ ትደጋግማለች። ድመቷ ቀረች፣ የጎረቤት አህያ ቀረ። አንድ ማታ አንዱን ሥዕል ስምንት ሰው ብቻ ወደደው። «አባዬ፣ ይኼኛው አያምርም ማለት ነው?» አለችኝ። የመለስኩላት ነገር እንኳ ትዝ አይለኝም። ከዚያ በኋላ ከሰል መንካት ተወች። «ሣዪልኝ» ስላት «ስንት ትሰጠኛለህ?» ትላለች። ልጅቷ ገንዘብ ወዳድ ሆና አይደለም፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ጎረቤታችን የሥነ ልቦና መምህር ናቸው። ቡና ላይ ጭንቀቴን ሳዋያቸው እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አወሩኝ። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸውን፣ ሥዕል የሚወዱ ሕጻናት ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። ለአንደኞቹ «ከሣላችሁ ባለ ወርቅ ኮከብ የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» አሏቸው። ሁለተኞቹን ሳይነግሩ ድንገት ሸለሟቸው። ለሦስተኞቹ ምንም አልሰጡም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙን በጨዋታ ሰዓት ሲያቀርቡላቸው፣ ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የሣሉት ልጆች ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ስኒው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። እኔ ይህንኑ ነው ስሠራ የከረምኩት፣ ያውም በየቀኑ።

አሁን የሸሸሁትን ልንገርህ። ያን የበርጩማ ፎቶ የላክሁልህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሰው ሁሉ ሲያሞግሰኝ አንተ «መቀመጫው ግሩም ነው፣ እግሩ ግን ቀጥኗል» ብለህ ጻፍክ። ይኸው ነው፤ ለሦስት ዓመት ያጠፋኝ ይህች ቃል ነች። እውነትህን እንደነበረ ያኔም አውቄ ነበር። ፎቶ ላይ እንዲያምር ብዬ ነው ያቀጠንኩት፣ ባለፈው ክረምት አንዱ እግር ተሰነጠቀ። አባቴ ማንም የማያየውን የበርጩማ ሆድ እንኳ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልስ እንደነበር አንተ ምስክር ነህ። እኔ ግን ለካሜራ የሚታየውን ፊት ብቻ አሳምር ነበር።

መምህሩ ሌላም ነገር ነገሩኝ። ዴሲና ራያን የሚባሉ ሊቃውንት እንደሚሉት ሰው ከውስጡ ተነስቶ እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ በገዛ ፈቃዱ መሥራት፣ ችሎታው ሲያድግ ማየት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። ሦስት ሲሉ በርጩማው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆም ነገር ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ እንደማይወላገድ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ሦስተኛዋ እግር ላይ ስደርስ አንተ ነህ የመጣህብኝ። ጭብጨባውን ዝምድና አድርጌ ቆጥሬው ነበር። እግሩ ቀጥኗል የሚለኝን ሰው ግን ገፋሁት።

አሥር ብሩን ተውኩ። ፎቶዎቹንም አወረድኳቸው። «ሣዪልኝ» ማለትም አቆምኩ። አንድ ወር ሙሉ ምንም አልሆነም፣ እኔም ተስፋ እየቆረጥኩ ነበር።

ዛሬ ከሂርማታ ገበያ ተመልሼ ያልጨረስኩትን በርጩማ ሆዱን ላለሰልስ ገለበጥኩት። ብርጭቆ ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ። ከመቀመጫው ሥር፣ በሦስቱ እግሮች መካከል፣ በከሰል የተሣለ አህያ አለ። አጠገቡ ድመት፣ ከድመቷ ጎን ደግሞ እጁ ከራሱ የሚተልቅ ሰውዬ፣ መሮ የያዘ። ማንም እንዲያየው አልተሣለም። መቼ እንደገባች አላውቅም። ማታ እራት ላይ አየኋት፣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ጥላሸት አለ፤ ምንም አላለችም፣ እኔም ምንም አላልኩ። ወጥቼ ደጅ ላይ ትንሽ አለቀስኩ።

እንግዲህ ምክርህን የምሻው እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ድሮው ሳታሳምር ንገረኝ። በርጩማው ቀብድ የተከፈለበት ነው። ዘይት ከቀባሁት ከሰሉ ይጠፋል፣ ሳልቀባ ካስረከብኩ ደግሞ ሥራው ጎዶሎ ነው። ለባለቤቱ ሌላ ልጥረብለት? ለእሷስ አይቻለሁ ልበላት ወይስ ገልብጬ እንደነበረ ልመልሰው? ሰውየው ቅዳሜ ይመጣል፣ ከዚያ በፊት ደውልልኝ።

የማይለወጠው ወንድምህ