ለማታ ገበያችን መብራትና ሸራ እናዋጣ

ሰላም ባህር ዳሮች፣ ውጪ ያላችሁ የከተማዋ ልጆችም እንዴት ናችሁ? ጉዳዩ የሰፈራችን የማታ ገበያ ነው።

የምታውቁት ገበያ አሁን ያ አይደለም። ድሮ 12 ሰዓት አልፎ ሙቀቱ በረድ ሲል እናቶች ጉልት ዘርግተው፣ ሽንኩርቱ በመደብ፣ ጎመኑ፣ ቆሎው፣ ከሰል ላይ የበቆሎ እሸት፣ በጾም ደግሞ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ሳይቀር በኩራዝና በፋኖስ ይሸጥ ነበር። አሁን ፊት ለፊቱን የያዘው ሰልባጅ፣ የሞባይል ከቨር፣ ቻርጀርና የፕላስቲክ ጫማ ነው፣ ስፒከሩ ሲጮህ ዋጋ ጠይቆ መስማት ራሱ ችግር ነው። ይህን የሚሸጡትን ልጆች አልወቅስም፣ ስራ የለም፣ ይብሉ። ግን እነሱ ባትሪና አምፖል ይዘው ይመጣሉ፣ እናቶቹ ዳር ተገፍተው ጨለማው ውስጥ ናቸው፣ በጨለማ ቲማቲም ማን መርጦ ይገዛል? አንዳንዷ ስልኳን አፏ ላይ ነክሳ እያበራች ነው የምትመዝነው።

እሱ ሳያንስ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በጸጥታው ምክንያት ሰው በጊዜ ነው ቤቱ የሚገባው፣ ያቺ አጭር ሰዓት ላይ ያልተሸጠ ጎመን ደግሞ በማግስቱ ጠውልጎ ያድራል። ክረምቱን አታንሱት። እሸት የሚደርሰው ነሐሴ አካባቢ ነው፣ የባህር ዳር ዝናብም የሚወርደው ያኔ ነው፣ ከሰሉ ይጠፋል፣ እናቶቹም ፌስታል ደፍተው ይቀመጣሉ።

ያሰብነው ለየጉልቱ አንዳንድ የሶላር መብራት፣ ከላይ ደግሞ በብረት ቱቦ የሚወጠር የጋራ ሸራ ነው። ሁለቱም ተነቃይ እንዲሆኑ የፈለግነው በከተማው የኮሪደር ልማት ስላለ ነገ ቦታ ቀይሩ ቢባሉ ተሸክመው እንዲሄዱ ነው (ኮንክሪት እናፍስ ያላችሁ ወንድሞች፣ ምክንያቱ ይሄ ነው)። እናቶቹ ከእቁባቸው ቀንሰው መጀመሪያውን አዋጥተዋል፣ እኛ የምንሞላው የቀረውን ነው።

50 ብርም ትሁን 5,000 ትሁን ትገባለች። ሂሳቡ ያለ ሶስት ሰው ፊርማ አይወጣም፣ ሁለቱ ፈራሚዎች ራሳቸው ጉልት የሚሸጡ ናቸው፣ የግዢ ደረሰኙም ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል። ብር የሌለው ብየዳ የሚችል ካለ ቱቦውን ይበይድልን፣ አይሱዙ ያለው ደግሞ ዕቃውን ያመላልስልን። ከውጪ የምትልኩ ሶላሩን ራሱን ገዝታችሁ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን፣ እዚህ መለዋወጫ የማይገኝለት ከመጣ ሲበላሽ የሚጠግነው የለም። ዝናቡ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ብንጨርስ ነው የምንፈልገው።